ጠጋኟና የቀያሹ ሃያ ሁለት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የተኩስ ሜዳው ጠባቂ ወደ ጠመንጃ ጥገናው ሱቅ ሲገባ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ነበር። ሰላምታ እንኳ አላቀረበም። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመውን ባለሱቅ አልፎ ወደ ኋላ ክፍል ዘለቀና ጥቅሉን የጠጋኟ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

"የቀያሹ ጠመንጃ ናት፣ እትዬ" አለ። "ፊታቸው ላይ ፈነዳችባቸው። ሆስፒታል አድርሰናቸዋል፤ የቀኝ ዓይናቸውን እንጃ።"

ጠጋኟ ክው አለች። ከእጇ የወደቀው ሞረድ ሲሚንቶው ላይ ሲንቃጨል አልሰማችውም። ያቺን ጠመንጃ ከሁለት ሳምንት በፊት በገዛ እጇ ጠግና፣ በገዛ እጇ ተኩሳ፣ ቃታው ላይ "ተፈትኗል" የሚል ቁራጭ ካርቶን አንጠልጥላ ነው የሰደደቻት።  ሁለቱም ብርድ ልብሱን እያዩ ቆሙ።

ይህቺን ሴት ሰፈሩ የሚያውቃት በሙያዋ ነው፤ ጠጋኟ ይላታል። ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት ነው። አላገባችም፤ ጠያቂ ጠፍቶ ሳይሆን፣ የጠየቃትን ሁሉ እንደ ጠመንጃ ፈታታ ስታየው አንድ የላላ ነገር እያገኘችበት ነው ይባላል። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባትየው በሕይወት ሳሉ ሱቁን ከፊት እስከ ኋላ ብቻቸውን ነበር የያዙት፤ ይጠግናሉ፣ ይሸጣሉ፣ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃሉ። እሷ ያኔም ቢሆን ከኋላ ክፍል ወጥታ አታውቅም።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አባታቸው ሲሞቱ ሁለቱ ልጆች ሱቁን ያለ ዳኛ ያለ ሽማግሌ ተካፈሉት። እሷ ብረት መቆንጠጫውን ሞርሳና ሞረዱን ይዛ ኋላ ቀረች፤ ታናሽ ወንድሟ ባንኮኒውንና መደርደሪያውን ይዞ ፊት ቆመ። ወንድምየው ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ራሱም ከተመለጠ ቆይቷል፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የምትለው። ክፍፍሉ ሁለቱንም አስደስቷል። ማሙሽ ዘይት የነካ ጨርቅ ሲያይ ይዘገንነዋል፤ እሷ ደግሞ ሦስት ደንበኛ በተከታታይ ካናገረች ራሷን ያማታል። ጠግና ስትጨርስ ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች፣ የቀረው የማሙሽ ነው። ምሳ አብረው ይበላሉ፤ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ያወራሉ። ስለ ሥራ አያወሩም። ሥራማ ስንሠራው ዋልን፣ ደግሞ ልንበላው ነው እንዴ ትላለች። በመሀላቸው ያለው ግድግዳ የአንድ ጡብ ውፍረት ብቻ ነው፤ ሲያስነጥስ ይማርህ ትለዋለች።

ለጥገና የሚመጣላት አብዛኛው አሮጌ ነው። አባት ለልጅ የተወው፣ ቁም ሣጥን ሲነሳ ከጀርባው የተገኘ፣ የእርሻ ጠባቂ አይጥ የሚያባርርበት፣ ጡረተኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሳ የሚመታበት ትንሽ ጠመንጃ። በጥይቱ ስፋት ሃያ ሁለት ይሉታል። ጥይቷ ከትንሽ ጣት ግማሽ አትበልጥም፣ ስለዚህ ሰው ይንቃታል፤ መዘዙም የሚመጣው ከዚሁ ንቀት ነው። ሌላው ጥይት መሀል ቂጡ ላይ ሲመታ ነው የሚተኮሰው። የሃያ ሁለቷ ግን ባሩዱን የሚለኩሰው ነገር በቂጧ ዙሪያ ባለች ስስ ከንፈር ውስጥ ተደብቋል፤ መርፌው ከንፈሯን ሲጨፈልቃት ትተኮሳለች። ለመጨፍለቅ የሳሳ ነገር ለመቀደድም የሳሳ ነው። መቀርቀሪያው ከኋላ ጥብቅ አድርጎ ካልደገፋት፣ ግፊቱም ከበዛባት፣ እሳቱ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ተኳሹ ይመለሳል።

ጥይቷ ደግሞ ሁለት ዓይነት ናት፤ ዝግተኛና ፈጣን። አሮጌዎቹ ጠመንጃዎች የተሠሩት ፈጣኑ ገና ሳይታሰብ ነው። ሁለቱ ጥይቶች ቁመታቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፣ በአንድ ቀዳዳ ይገባሉ። በዚህ የተነሳ ሰው ሁሉ ከገባ ይሆናል ይላል። ጫማ የሚገዛ ሰው እንኳ እግሩ ስለገባ ብቻ ልኬ ነው አይልም፤ ተነስቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ይሞክራል። ለጠመንጃ ግን ይህችን ታህል ጥንቃቄ አይተርፈውም።

ጠጋኟ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ስለዚህ አሮጌ ጠመንጃ ስትፈትን ሁልጊዜ በዝግተኛው ነው። ከጠረጴዛዋ ሥር አባቷ የተዉት የዝግተኛ ጥይት የእንጨት ሣጥን አለ፤ ለአንድ ጠመንጃ አራት ጥይት ብቻ ስለምታወጣ በዐሥራ አንድ ዓመት ግማሹ እንኳ አላለቀም። ዕድሜ የጠገበ ብረት ማስጨነቅ ነውር ይመስላታል። አራቱ ቀለሃዎች ሳያብጡ ሳይሰነጠቁ ከወጡ ካርቶኗን ታንጠለጥላለች። የእሷን ካርቶን ይዞ ወጥቶ ተበላሽቶ የተመለሰ አንድም ጠመንጃ እስከዚያ ቀን አልነበረም። ይህን ሰው ፊት አታወራውም፤ ለብቻዋ ስትሆን ግን ታስበዋለች፣ ደስም ይላታል።

እንግዲህ ያ ሁሉ ስም ነው ያን ቀን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጠረጴዛዋ ላይ የተቀመጠው።

ድንጋጤዋ መጀመሪያ ወደ ቁጣ ዞረ። ቀያሹ ምን አድርገው ነው? አፈሙዙን በጨርቅ ወትፈው ረስተውት ነው? በዘይት አጥለቅልቀዋት ነው? ጠባቂውን እንደ ወንጀለኛ መረመረችው። ጠባቂው አንድም አላጠፉም አለ። በአፈሙዙ አሻግረው አይተዋል፤ ንጹሕ ነበር። ከአዲስ ፓኬት አንዲት ጥይት አውጥተው አጎረሱ። ከጥገናው ወዲህ የመጀመሪያ ተኩሳቸው ነበር። መከላከያ መነጽር ያድርጉ ሲላቸው ግን ቃታው ላይ የተንጠለጠለችውን ካርቶን በጣታቸው ነካ አድርገው ሳቁ።

"ምን አሉ መሰለዎት" አለ ጠባቂው፣ "'ጠጋኟ ፈትናታለች፤ ከዚህ የበለጠ መነጽር የት ይገኛል?' ነው ያሉኝ።"

ጠጋኟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ምን እንዳሰበች ብትጠየቅ አታውቀውም።

ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ሰደፉ ላይ ደም ደርቋል። መቀርቀሪያውን ከፈተች። ቀለሃዋ ውስጥ ተጣብቃ ቀርታ ነበር፤ በቀጭን መቆንጠጫ ነቅላ ብርሃን ላይ ያዘቻት። ከንፈሯ ከታች በኩል ተቀዶ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀዳዳ ተከፍቷል። ከዚያ ቀዳዳ የወጣው እሳትና የነሐስ ስብርባሪ ነው የቀያሹን ዓይን ያገኘው። ብረቱን እየዳበሰች መረመረችው። አፈሙዙ ደህና፣ መርፌው ደህና፣ መቀርቀሪያውም ደህና፤ በመቀርቀሪያውና በጥይቷ ቂጥ መካከል ያለችው ክፍተት ትንሽ ሰፋ ብላለች፣ ግን ያቺን ስትጠግናትም አይታታል፣ በአሮጌ ጠመንጃ የሚጠበቅ ነው ብላ አልፋታለች።

ተነስታ ጠመንጃዋን መሞከሪያው ላይ አሰረቻት። መሞከሪያው ክፍሉ ጥግ ላይ ያለ ሞርሳ ነው፤ ፊት ለፊቱ አሸዋ የሞላ በርሜል ቆሟል። ቃታው ላይ ሲባጎ ታስርና ከጡብ ከለላ ጀርባ ሆና ትስበዋለች። ከመቀርቀሪያው ኋላ፣ የተኳሽ ጉንጭ በሚውልበት ቦታ፣ ነጭ ወረቀት ትለጥፋለች፤ እሳት ካመለጠ ወረቀቱ ይናገራል። ከእንጨት ሣጥኑ አራት ጥይት አወጣችና አንድ በአንድ ተኮሰች። አራቱም ቀለሃ እንደገባ ወጣ። ወረቀቱ ላይ የዝንብ ኩስ የምታህል ነጥብ እንኳ የለም።

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር፤ ደስ አላት። እኔ አይደለሁም አለች በሆዷ። ቀያሹ ሆስፒታል ተኝተው እሷ ደስ ስላላት በኋላ አፍራለች፤ ያኔ ግን ደስ አላት።

ጠባቂው ከኪሱ አንድ ፓኬት አውጥቶ፣ ቀያሹ የተኮሱት ከዚህ መሆኑን፣ ትናንት እዚሁ ሱቅ እንደገዙት ነገራት። ጎኑ ላይ ቀይ ቀስት ተስሏል። ጠጋኟ እንዲህ ያለ ፓኬት አይታ አታውቅም። በገዛ ሱቋ የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ አይታው ግን አታውቅም። ከውስጡ አንዲት ጥይት አውጥታ ከራሷ ጥይት ጎን አቆመቻት። ልዩነት የላቸውም። አጎረሰቻት፣ ወረቀቱን አስተካከለች፣ ከለላው ጀርባ ሄዳ ሲባጎውን ሳበች።

ድምፁ ሌላ ነበር። እንደ ቀድሞዎቹ ለዘብ ያለ አይደለም፤ ጆሮ ይበሳል። ከከለላው ብቅ ስትል ወረቀቱ ሦስት ቦታ ተቀዷል፣ ጠርዙም እየጨሰ ነው። አንደኛው ቀዳዳ ልክ ዓይን የሚሆንበት ቦታ ላይ ነበር። ጠጋኟ ወረቀቱን አየች፣ ጠመንጃዋን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። 

"ማሙሽ" አለች። ድምፅዋ ለራሷም ከሩቅ መጣባት።

ወንድሟ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጠባቂው የተናገረውን በግድግዳው በኩል ሰምቶ ስለነበር ፊቱ ገርጥቷል። ይህ ፈጣኑ ነው፣ ዝግተኛው ጥይት የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው ብላ ጠየቀችው።

"ዝግተኛው?" አለ ማሙሽ። "እሱንማ ማስመጣት ካቆምኩ አራት ዓመት አለፈው፣ እታለም። ማን ይገዛዋል? ቀንድ አውጣ እያሉ ይስቁበት ነበር እኮ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"የምታውቂ መስሎኝ። አንቺ በምንድን ነው የምትፈትኚው? ከመደርደሪያዬ እያነሳሽ ይመስለኝ ነበር።"

በእግሯ ጠረጴዛው ሥር ያለውን የእንጨት ሣጥን አሳየችው። ማሙሽ ጎንበስ ብሎ አየው። ሲነሳ መላጣውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ ሱቅ ፈጣን ጥይት ብቻ እንደሚሸጥ ያውቃል፤ የማታውቀው ከአንድ ጡብ ወዲያ ተቀምጣ ተፈትኗል እያለች የምትጽፈው ሴት ብቻ ነበረች። እሷ በዝግተኛው ፈትና ትልካለች፣ እሱ ጠመንጃውን ያስረክብና ለዚያው ሰው ፈጣኑን ፓኬት ይሸጣል፣ ከዚያ ሁለቱ ተቀምጠው ስለ ጎረቤት ውሻ እያወሩ ምሳቸውን ይበላሉ። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ጠባቂው ወደ ሜዳው ሲመለስ ጠጋኟ የጥገና ደብተሯን አወረደች። ባለፉት አራት ዓመታት በእጇ ያለፉትን በሙሉ እየገለጠች፣ በፈጣኑ ጥይት ሊፈነዱ የሚችሉትን አሮጌዎች ለየች። ሰባት ናቸው። አንዷ የቀያሹ። ስድስቱ አሁን በየሰዉ ቤት ናቸው፣ ቃታቸው ላይ የእሷ ካርቶን ተንጠልጥሏል። ክፍተታቸው ስለሚለያይ አንዱ መቶ ጊዜ ተተኩሶ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ሌላው በሚቀጥለው ተኩስ ሊሄድ ይችላል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ከደብተር አይታወቅም።

ማሙሽ አንድ ሐሳብ አመጣ። ለስድስቱም ልደውልና ለጽዳት አምጡት እንበላቸው፣ በዚያው እናስቀረዋለን አለ። ቀያሹም ቢሆኑ መኪና ውስጥ ሲወስዷቸው ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መነጽር ማድረግ ነበረብኝ ሲሉ ነበር ብሎ ጠባቂው ነግሮታል። ሰውዬው ራሳቸውን ከወቀሱ እኛ ምን አስለፈለፈን አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ያን ፓኬት ከመደርደሪያ አውርዶ በቀያሹ እጅ ያስቀመጠው እሱ ነው፣ ያን ሲናገርም ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፈርቶ ነው።

ጠጋኟ ግን ይህንንም ያንንም አላለችም። መጀመሪያ የተጎዱትን ሰው ይቅርታ ሳልጠይቅ ለማንም ስልክ አላነሳም፣ እስክመለስ አትደውል ብላው ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር ወጣች።

ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። ደረጃውን ስትወጣ ግን ሦስት ጊዜ ቆማ አረፈች፤ ሕመሙ ከጉልበቷ አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ ያገኘቻት ነርስ ቀያሹ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና እንዳላቸው ነገረቻት። ያያሉ ወይ ስትላት ነርሷ ዓይኗን ወደ ወለሉ አወረደች። ከዐሥር ደቂቃ በላይ አይቆዩባቸው ብላ በሩን ከፈተችላት።

ቀያሹ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አርባውን ዓመት በየጫካውና በየሜዳው መሬት ሲለኩ ነው የኖሩት። ግማሽ ፊታቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ገና ሲያዩዋት በደህናው ዓይናቸው ሊስቁላት ሞከሩ።

"ጠመንጃዋን አበላሸሁብሽ አይደል፣ ልጄ?" አሉ። "ስንት ደክመሽባት። ይቅር በይኝ።"

 ይቅርታ ልትጠይቅ የመጣችው እሷ ናት፣ ቀድመው ጠየቋት። ቀያሹ ደግሞ ፊቷን አይተው ያዘነችላቸው መስሏቸው ሊያጽናኗት ጀመሩ። ዕድሜ ልኬን መሬት የለካሁት አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው፣ ለምጄዋለሁ አሉ። ቀልዱ ራሳቸውንም አላሳቃቸው።

የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነገረቻቸው። ከሣጥኑ ጀመረች፤ አራቱን ደህና ቀለሃ፣ ቀይ ቀስት ያለበትን ፓኬት፣ የተቀደደውን ወረቀት፣ ማሙሽ አራት ዓመት ያለውን ሁሉ ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የእኔ ነው፣ ካርቶኔ ዋሽቷል አለች። ስትጨርስ እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዶ ነበር።

ቀያሹ ፋሻቸውን ዳበስ አደረጉ። ከዚያ አባቷን አነሱ።

"አባትሽ ለእኔ አባት ይህችኑ ጠመንጃ ሲጠግኑለት ልቀበል የመጣሁት እኔ ነበርኩ" አሉ። "በአንድ እጃቸው ጠመንጃዋን፣ በሌላው የፈተኑበትን ፓኬት ይዘው ከኋላ ክፍል ወጡ። 'ይህች ከዚህች ጋር ብቻ' አሉኝ። ድገመው ብለው ካላስደገሙኝ ጠመንጃዋን አልለቀቁልኝም። የሠላሳ ዓመት ሰው፣ ባለ ዲፕሎማ፣ ሰው ፊት እንደ ተማሪ ደገምኩ። አፈርኩ፣ ስለዚህ ልርሳው ብዬ ረሳሁት። ከአንቺ ሱቅ ስወስዳት ደግሞ ጠመንጃዋ ብቻዋን ነው የወጣችልኝ።"

ጠጋኟ ይህን ሰምታ አታውቅም። እንዴት ትሰማለች? እሷ ያኔም ከኋላ ነበረች። አባቷ ጠመንጃ ይዘው ከአጠገቧ ተነስተው በበሩ ሲወጡ ሺህ ጊዜ አይታለች፤ ባንኮኒው ላይ ምን እንደሚሉ ግን አልተከተለቻቸውም። ማሙሽም አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ ሱቁ ደርሶ የማያውቅ፣ በሌላ ሥራ የሚንከራተት ሰው ነበር። አባታቸው ሲሞቱ እሷ ፍተሻውን ወሰደች፣ እሱ ሽያጩን ወሰደ፤ ከኋላ ወደ ፊት ሲሻገሩ የሚናገሩትን ያቺን አንዲት ቃል ግን ማንም አልወሰዳት። ሁለት ልጆች ሱቁን እስከ መጨረሻው ሚስማር ተካፍለው ያቺን ቃል ጣሏት። ጠጋኟ ይህ ሲገባት የአልጋውን ብረት ያዘች።

"እንደ እኔ የወሰደ ሌላ ማን አለ?" አሉ ቀያሹ።

"ስድስት ሰዎች።"

"ነግረሻቸዋል?"

"መጀመሪያ እርስዎን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ..."

ቀያሹ በክርናቸው ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ። ነርሷ ብታያቸው ትጮህ ነበር።

"የእኔ ዓይን ከሄደ ሄዷል፣ ካልሄደም ነገ ይታያል" አሉ። "ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ፣ ልጄ። ሰው ሁሉ ጠመንጃውን ይዞ በሚወጣበት ቀን አንቺ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጠሽ ታለቅሻለሽ? ተነሺ።"

ለሁለተኛ ጊዜ በዚያ ቀን ክው አለች። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ስሟ፣ ስለ ጥፋቷ፣ ስለ ይቅርታዋ ስታስብ ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን ረስታዋለች፤ ይባስ ብላ ወንድሟን አትደውል ብላ አስራው ነው የመጣችው። ሳትሰናበት ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ማሙሽ ሲያነሳ አሁኑኑ ደውልላቸው፣ ጽዳት ምናምን እንዳትል፣ እውነቱን ንገራቸው አለችው።

"ደውያለሁ" አለ ማሙሽ። "እንደወጣሽ ጀመርኩ፤ መቀመጥ አቃተኝ። አምስቱን አግኝቼ እንዳለ ነግሬያቸዋለሁ፣ አንዱ ሰድቦኛል። ስድስተኛዋ፣ ንብ አንቢዋ ግን አታነሳም።"

ጠጋኟ ወንድሟን ማሙሽ ማለት ያፈረችው ያኔ ነው። ግን ለዚያ ጊዜ አልነበረም። ንብ አንቢዋ ቀፎዋን የሚዳፈር አይጥ በጠመንጃዋ የምታባርር፣ ከከተማው ዳር ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ እጇ እንዳይረሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢዋ ውስጥ ጣሳ ትመታለች። ጠጋኟ ታክሲ አስቁማ ገባች። 

ከግቢው በር ላይ ወርዳ መዝጊያውን ስትገፋ ተኩስ ሰማች። ያው ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ነው። የበሩን ቋሚ ይዛ ቀረች። ጩኸት ጠበቀች። ጩኸት አልመጣም፤ ዝምታው ደግሞ ከጩኸት ባሰባት። ዘገየሁ አለች፣ በሴትዮዋ ዓይን መጣሁባት አለች።

ሁለተኛ ተኩስ ተሰማ።

ጠጋኟ ከልቧ አለቀሰች። ሁለተኛ የሚተኩስ ሰው ዓይን አለው ማለት ነው። ከዚያ ሦስተኛ ተኩስ ሊከተል እንደሚችል ትዝ አላትና ሮጠች፤ ነጠላ ጫማዋ አንዱ በሩ ላይ ቀረ። በቀፎዎቹ መሀል አልፋ፣ አቁሚ እያለች፣ ከቤቱ ጀርባ ስትደርስ ንብ አንቢዋ አጉርሳ፣ ጉንጯን ሰደፉ ላይ አስደግፋ፣ ጣሳውን እያለመች ነው። ጠጋኟ ጠመንጃዋን ከነእጇ ጨብጣ ወደ መሬት አወረደቻት።

"ተሳስቼ ነው ፈትኛታለሁ ያልኩሽ" አለች።

ንብ አንቢዋ ደንግጣ ምን ሆነሽ ነው ትላታለች። ጠጋኟ መቀርቀሪያውን ከፍታ ሦስተኛዋን ጥይት አወጣች። ጎንበስ ብላ ሣሩ ላይ የወደቁትን ሁለት ቀለሃዎች አነሳችና ብርሃን ላይ ያዘቻቸው። የመጀመሪያዋ ከንፈር አብጧል። የሁለተኛዋ ፀጉር በምታህል መስመር መሰንጠቅ ጀምሯል።